ድሬ ላይ ሆኖ ርካሽ የጎልፍ ላንች ሞኒተር እንዴት ይመረጣል?

ግቢው ውስጥ መረብ ሰቅሎ ጎልፍ የሚለማመድ ሰው አንድ ችግር አለበት። ኳሷ ሦስት ሜትር ሄዳ መረቡ ላይ ትቀራለች። የት ልትደርስ እንደነበር የሚያውቅ የለም። 120 ሜትር ይሁን 160፣ ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ፣ ሁሉም ግምት ነው። ላንች ሞኒተር የሚባለው ዕቃ የተሠራው ለዚህ ነው። ኳሷ ከዱላው ስትለቅ ያላትን ፍጥነት ይለካል፤ መረቡ ባይኖር የት ትወድቅ እንደነበር አስልቶ ይነግራችኋል።

ፕሮፌሽናሎቹ የሚጠቀሙበት ትራክማን ከ20,000 ዶላር በላይ ነው። እሱን እንተወው። ከ200 እስከ 700 ዶላር ባለው ውስጥ ለልምምድ የሚበቁ አሉ። ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ማሽኖቹን በማወዳደር ነው። ድሬ ላይ ላለ ሰው ግን የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ከግቢያችሁ፣ ከስልካችሁና ከባንክ ካርዳችሁ ጀምሩ፤ እነሱ ግማሹን ዝርዝር ራሳቸው ይሰርዙላችኋል።

መጀመሪያ ሜትር ይዛችሁ ግቢ ውጡ

ርካሾቹ ማሽኖች አብዛኞቹ የሚሠሩት በራዳር ነው። ትራፊክ ፖሊስ የመኪና ፍጥነት የሚለካበት ዓይነት ማለት ነው። ከኳሷ ኋላ ይቀመጡና እየራቀች ስትሄድ ይለኳታል። ስለዚህ ከኋላም ከፊትም ቦታ ይፈልጋሉ። ለምሳሌ ጋርሚን አፕሮች አር10 ከኳሷ ኋላ 2 ሜትር ገደማ ይቀመጣል፤ ከኳሷ እስከ መረቡ ደግሞ ቢያንስ 2.4 ሜትር ይፈልጋል። በመረቡና በግድግዳው መሀል አንድ ሜትር ጨምሩበት። መረቡን ገፍታ ግድግዳ የነካች ኳስ ተመልሳ የምትመጣው ወደ እናንተ ነው። ድምሩ አምስት ሜትር ተኩል አካባቢ ይሆናል። ፒአርጂአር የምትባለው ትንሽ ራዳር ጠጋ ብላ፣ ከኳሷ ኋላ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ላይ ስለምትቀመጥ በቦታ ትቆጥባለች።

ከዚራ ባሉት የድሮ ሰፋፊ ግቢዎች ይሄ ችግር አይደለም፤ ከዛፍ ዛፍ መረብ መወጠር ነው። ግቢው ጠባብ ከሆነ በካሜራ የሚሠሩትን ማየት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ከኳሷ ጎን ስለሚቀመጡ የኋላው ቦታ አያሳስብም። ግን ውድ ናቸው፤ በዚህ ዋጋ ምርጫው ጠባብ ነው። ደግሞ ብዙዎቹ ቀጥታ ፀሐይ ካረፈባቸው ኳሷን ማየት ያቅታቸዋል። ፀሐይ የሚፈራ ዕቃ ለድሬ! አቦ ተዉት።

ራዳር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ቬንትሌተር። የሚለካው የሚንቀሳቀስ ነገርን ስለሆነ የሚሽከረከር ክንፍ ሊያምታታው ይችላል። በረንዳ ላይ የምትለማመዱ ከሆነ ለዚያች ሰዓት አጥፉት። በግንቦት ይሄ ቀላል ጥያቄ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

የትኛው ቁጥር ነው የሚያስፈልጋችሁ?

ማስታወቂያዎቹ አሥራ ምናምን ቁጥር ይደረድራሉ። ለጀማሪና ለመካከለኛ ተጫዋች ሦስቱ ይበቃሉ፦ የዱላው ፍጥነት፣ የኳሷ ፍጥነት እና ኬሪ። ኬሪ ማለት ኳሷ በአየር ላይ ሄዳ መሬት እስክትነካ ያለው ርቀት ነው።

ከሁለቱ ፍጥነቶች የሚገኘው ነገር ከሁሉም ይጠቅማል። ሰባት ቁጥር አይረን (ለመካከለኛ ርቀት የሚያገለግል ዱላ) ይዛችሁ ዱላው በሰዓት 75 ማይል ሄዶ ኳሷ በ99 ማይል ወጣች እንበል። 99ን ለ75 ስታካፍሉት 1.32 ይመጣል። ስማሽ ፋክተር የሚሉት እሱን ነው። ለሰባት ቁጥር 1.3 አካባቢ ጥሩ ምት ነው። በሚቀጥለው ምት ዱላው 78 ደርሶ ኳሷ 94 ላይ ብትቀርስ? ወደ 1.2 ወረደ። ጉልበት ጨምራችኋል፣ ግን ኳሷን በዱላው መሀል አላገኛችኋትም። ይህን ለማወቅ አሠልጣኝ አጠገባችሁ መቆም የለበትም። ድራይቨር ላይ፣ ማለትም ኳስን በጣም በሚያርቀው ዱላ፣ ጣሪያው 1.5 አካባቢ ነው፤ ማሽኑ ደጋግሞ 1.6 ካላችሁ አትኩራሩ፣ የተሳሳተው እሱ ነው።

ስፒን፣ ማለትም ኳሷ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትሽከረከር፣ ዋጋ የሚያንረው ነገር ነው። ርካሾቹ ብዙውን ጊዜ አይለኩትም፤ ከሌሎቹ ቁጥሮች ተነስተው ይገምታሉ። ራፕሶዶ ኤምኤልኤም2 ፕሮ ይለካል፣ ግን ልዩ ምልክት የታተመባቸው ኳሶች ይፈልጋል። ፍላይትስኮፕ ሜቮ ደግሞ ኳሷ ላይ ትንሽ የብረት ስቲከር እንድትለጥፉ ይጠይቃል። ኳሱና ስቲከሩ ሲያልቅ ከየት ነው የምታመጡት? ለጊዜው ስፒንን እርሱት።

ስልክና ካርድ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ዋጋው ተመጣጣኝ የመሰለው ማሽን አፑ በየወሩ ወይም በየዓመቱ በዶላር ያስከፍላል። አር10 ዋና ዋናዎቹን ቁጥሮች በነፃ ያሳያል፤ በስክሪን ላይ ሜዳ መጫወት ሲፈለግ ነው ክፍያ የሚመጣው። ራፕሶዶው ላይ ግን ብዙው ነገር ከዓመታዊ ክፍያ ጀርባ ነው። ከዚህ ሆኖ በየጊዜው በውጭ ምንዛሪ መክፈል ምን ያህል ጣጣ እንዳለው የሞከረ ያውቀዋል። ስለዚህ ሻጩን በመጀመሪያ ይህን ጠይቁት፦ ክፍያው ቢቋረጥ ማሽኑ ምን ምን ያሳየኛል?

የራሳቸው ስክሪን ያላቸው አሉ፦ ፒአርጂአር፣ ስዊንግ ካዲ፣ ሾት ስኮፕ ኤልኤም1። ስልክ አያስፈልጋቸውም። ይሄ ሌላም ጥቅም አለው። አፕል አይፎን የሠራው እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ድረስ እንዲሠራ ነው። የድሬ ቀትር ያንን ያልፋል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ስልክ በልምምድ መሀል ግሎ ይዘጋል።

እኔን ብትጠይቁኝ ለመጀመሪያ ፒአርጂአር ትሻላለች። ዋጋዋ ከ200 እስከ 250 ዶላር አካባቢ ነው፤ በአራት የሪሞት ባትሪ ትሠራለች፣ እሱን የሰፈር ሱቅ ይሸጠዋል። አቅጣጫ አትነግራችሁም፤ ኳሷ ወደ ቀኝ ትሂድ ወደ ግራ አታውቅም። ያ ከጎደለባችሁ፣ ግቢያችሁ ረዘም ያለ ከሆነና ደህና ስልክ ካላችሁ ወደ አር10 ውጡ።

ከደንገጎ በላይና በታች

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር ስትደርሱ ከ1,800 ይበልጣል። አየሩ ሲሳሳ ኳስ ትርቃለች። በየ300 ሜትሩ አንድ በመቶ ከምናምን ይጨምራል ብላችሁ አስሉ። ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ 150 ሜትር የሄደች ኳስ ድሬ ላይ 157፣ ሐረር ላይ 160 አካባቢ ትሄዳለች። ከመግዛታችሁ በፊት ማሽኑ ከፍታ እንደሚያስሞላ እዩ። ካላስሞላም አያስጨንቅ፤ የዛሬውን ምት ከትናንቱ ጋር ለማወዳደር ይበቃል።

ማስመጣትና መፈተሽ

እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለውን ገበያ ዞራችሁ የምታገኙት ዕቃ አይደለም። ከዱባይ ወይም ከሌላ አገር የሚመጣ ዘመድ መጠበቅ ግድ ነው። የጉምሩኩን ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዘመዳችሁን ደግሞ እዚያው እያለ ከፍቶ እንዲያየው፣ ሶፍትዌሩንም አፕዴት እንዲያደርገው ለምኑት፤ አንዴ አገር ቤት ከገባ መመለስ አይታሰብም ማለት ይቻላል። ያገለገለ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት አካውንቱን ከማሽኑ ላይ ማንሳቱን አረጋግጡ።

ሲደርሳችሁ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ሰውና ከብት የሌለበት ሜዳ ፈልጉ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሊያጓጓ ይችላል፤ ኳስ የወደቀችበት ምልክቱ ይቀራል። ግን ሰው የሚሻገርበት ስለሆነ አይሞከርም። በአንድ ዱላ አሥር ኳስ ምቱ። ጓደኛችሁ በሩቅ፣ ከጎን በኩል ቆሞ አቧራው ቦነን ያለበትን ቦታ ይያዝ። ኬሪ እዚያ ድረስ ነው፤ ደረቅ መሬት ላይ ነጥራ የተንከባለለችው አይቆጠርም። ከዚያ በሜትር ለክታችሁ ማሽኑ ካለው ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ሁልጊዜ በአንድ ወገንና በተቀራራቢ መጠን ከሆነ ችግር የለም፣ ቀንሳችሁ ወይም ጨምራችሁ ታነቡታላችሁ። አንዴ አሥር በላይ፣ አንዴ ሃያ በታች እያለ የሚዋዥቅ ከሆነ ማሽኑ የተቀመጠበትን መሬት ደልድሉ፣ ፊቱን ከዒላማው ጋር አቅኑና እንደገና ሞክሩ። ያም ካልረዳ ዋስትናው ሳያልቅ፣ ዘመዳችሁ ተመልሶ ሳይሄድ ስጡት።