ለኳንተም ቺፕ ምርምር የሚያገለግል የዩኒቨርሲቲ ክሊንሩምን እንዴት መምራት ይገባል

የኳንተም ቺፖች የሚሠሩበት የዩኒቨርሲቲ ክሊንሩም (አየሩ ከብናኝ የጸዳ የሥራ ክፍል) ከፋብሪካ ክሊንሩም የሚለየው በስፋቱ ወይም በማሽኖቹ ዋጋ ብቻ አይደለም። ፋብሪካ አንድን ምርት እየደጋገመ ስለሚሠራ ጉድለቱን ከራሱ ምርት ላይ ቶሎ ያነባል። በዩኒቨርሲቲ ግን እያንዳንዱ የዶክትሬት ተማሪ የራሱን ንድፍ ይዞ ይመጣል፣ ጥቂት ቺፖችን ይሠራል፣ ከዚያም ቺፑን ከፍጹም ዜሮ በሚሊኬልቪን (በዲግሪ አንድ ሺህኛ) የሚቆጠር ያህል ብቻ ከፍ ባለ ሙቀት በሚሠራ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብቶ ውጤቱን ይጠብቃል። ማቀዝቀዣው እስኪቀዘቅዝ ቀናት ይወስዳል፤ ወረፋም አለው። በመሆኑም ማክሰኞ ዕለት በትነት ማሽኑ (ብረትን አትኖ ቺፑ ላይ በሚያነጥፈው ማሽን) ውስጥ የተፈጠረ ጥፋት የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ማሽኑን ማን እንደተጠቀመበት፣ ምን እንደገባበት፣ ፓምፑ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚያስታውስ ሰው አይገኝም። ከሰው ደኅንነት ቀጥሎ የክሊንሩሙ ኃላፊ ዋነኛ ሥራ ይህን መረሳት መከላከል ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የቀረበው መመሪያ በሱፐርኮንዳክተር (ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ በሚያስተላልፍ ቁስ) በተሠሩ ኪዩቢቶች፣ ማለትም በኳንተም ኮምፒውተር የመረጃ አሃዶች፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ2007 በዬል ዩኒቨርሲቲ በቀረበውና ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሚሠራው ትራንስሞን በተባለው የኪዩቢት ዓይነት ላይ ያተኩራል።

መዝገብ ከግዢ ይቀድማል

አዲስ የተሾመ ኃላፊ አዲስ ማሽን በመግዛት ሥራውን መጀመር ይወዳል፤ ዲኑም ተመራቂ ተማሪውም የሚያየው ይህንኑ ስለሆነ ፈተናው ይገባኛል። ነገር ግን ከማናቸውም ግዢ በፊት መሠራት ያለበት፣ በየቫክዩም ቻምበሩ (አየሩ ተመጥጦ በሚወጣበት የማሽን ክፍል) እስከ ዛሬ ምን ምን ዓይነት ብረታ ብረትና ፕላስቲክ እንደገባ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው። ነባሮቹን ቴክኒሺያኖች አንድ በአንድ ጠይቆ፣ የግዢ ደረሰኞችን አገላብጦ፣ የቻምበሩን ግድግዳ ከፍቶ አይቶ የሚሞላ ሠንጠረዥ ነው እንጂ በአንድ ስብሰባ የሚያልቅ አይደለም።

ሠንጠረዡ ሲያልቅ ክፍፍሉ ይከተላል። ጃንክሽን (ከታች የሚብራራው የኪዩቢቱ ዋና ክፍል) የሚሠራበት የአሉሚኒየም ማሽን ለአሉሚኒየም ብቻ ቢተው ይመረጣል። እንደ ኒኬል፣ ኮባልትና ተራ ብረት ያሉ ማግኔታዊ ነገሮች በዚህ ቻምበር አጠገብ እንኳ መድረስ የለባቸውም፣ ምክንያቱም ማግኔታዊ ብክለት ሱፐርኮንዳክተሩን ይጎዳል። ዚንክና ካድሚየም ሲሞቁ በቀላሉ ስለሚተኑ በየትኛውም ቫክዩም ውስጥ አይፈቀዱም፤ ናስ ዚንክ ስላለበት በናሙና መያዣ ላይ የታሰረ አንድ የናስ ብሎን ብቻውን ቻምበሩን ሊበክል ይችላል። ወርቅ ደግሞ በሲሊከን ውስጥ በፍጥነት ስለሚሰራጭ ሲሊከን ከሚጋገርባቸው ምድጃዎች ይለያል። አዲስ ነገር ማስገባት የሚፈልግ ሁሉ አንድ ገጽ ቅጽ ሞልቶ የኃላፊውን ፊርማ ያገኛል።

ይህን ደንብ ማውጣት ቀላል ነው፤ የሚከብደው ትልቅ የምርምር ገንዘብ ያመጡ ፕሮፌሰር በር ላይ ቆመው «ለአንድ ጊዜ ብቻ» ሲሉ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ክርክር ውስጥ መግባት አይጠቅምም። «ፕሮፌሰር፣ ኒኬሉን እዚህ ማሽን ላይ ላስገባልዎ አልችልም፤ በሁለተኛው ማሽን ግን ሐሙስ ጠዋት ቦታ አለ፣ ቴክኒሺያናችንም አብሮዎት ይሆናል» የሚል መልስ አክብሮቱንም ደንቡንም ይጠብቃል። አማራጭ ሳያዘጋጅ የሚከለክል ኃላፊ ደንቡ በሌሊት እንደሚጣስበት ይወቅ።

ጃንክሽኑን በየሳምንቱ መለካት

የትራንስሞን ልብ ጆሴፍሰን ጃንክሽን ነው፤ ይኸውም በሁለት የአሉሚኒየም ንጣፎች መካከል የተቀመጠ፣ ከ1 እስከ 2 ናኖሜትር የሚደርስ ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። ጆን ክላርክ፣ ሚሼል ዴቮሬና ጆን ማርቲኒስ እ.ኤ.አ. በ2025 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙበት የ1984 እና የ1985 የበርክሊ ሙከራም በጆሴፍሰን ጃንክሽን ላይ የተሠራ ነበር። አሠራሩ በቃል ሲነገር ቀላል ነው፦ አሉሚኒየም በአንድ ማዕዘን ይተናል፣ ወደ ቻምበሩ የተለካ ኦክስጅን ይለቀቃል፣ ከተወሰኑ ደቂቃዎች በኋላ ኦክስጅኑ ተጠርጎ ሁለተኛው አሉሚኒየም በሌላ ማዕዘን ይተናል። ችግሩ በጃንክሽኑ የሚያልፈው ጅረት ከኦክሳይዱ ውፍረት ጋር በኤክስፖነንሻል መለወጡ ነው፤ ከአቶም የማይበልጥ የውፍረት ልዩነት ውጤቱን ያዛባል።

ደግነቱ፣ ጃንክሽኑን ለመፈተን ማቀዝቀዣ መጠበቅ አያስፈልግም። አምቤጋኦካርና ባራቶፍ እ.ኤ.አ. በ1963 እንዳሳዩት፣ ጃንክሽኑ በክፍል ሙቀት ያለው ሬዚስታንስ (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) ሲቀዘቅዝ የሚሸከመውን ከፍተኛ ጅረት ይነግረናል። የተለመደ የትራንስሞን ጃንክሽን ከ5 እስከ 15 ኪሎኦም አካባቢ ያሳያል። የኪዩቢቱ ፍሪኩዌንሲ የዚያን ከፍተኛ ጅረት ካሬ ሥር ስለሚከተል፣ ጅረቱም ከሬዚስታንሱ ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚለዋወጥ፣ በሬዚስታንስ ላይ የታየ የ4 በመቶ ልዩነት በፍሪኩዌንሲ ላይ 2 በመቶ ያህል ይሆናል፤ በ5 ጊጋኸርዝ ኪዩቢት ላይ ይህ 100 ሜጋኸርዝ ነው፣ ጎረቤት ኪዩቢቶችን ለማጋጨትም ይበቃል።

ስለዚህ ክሊንሩሙ የራሱ የሆነ፣ የማንም ተማሪ ያልሆነ የሙከራ ዌፈር (ቺፖች የሚሠሩበት ስስ ክብ ሳህን) ይኑረው። በየሳምንቱ ያው ሠራተኛ በዚያው ንድፍ፣ በዚያው የኦክስጅን ግፊትና በዚያው ደቂቃ ጃንክሽኖችን ሠርቶ ይለካል፤ አማካዩንና ስርጭቱን ከማሽኑ አጠገብ በተለጠፈ ግራፍ ላይ በእስክሪብቶ ያስገባል። በኮምፒውተር ማስቀመጡ አስፈላጊ ቢሆንም፣ ማሽኑን ሊጠቀም የመጣ ተማሪ ሳይፈልግ የሚያየው ግድግዳው ላይ ያለውን ነው።

ግራፉ ሲያፈነግጥ ፍለጋው ሥርዓት ይያዝ። በቅድሚያ ቻምበሩ መቼ እንደተከፈተና ከዚያ ወዲህ ስንት ሰዓት እንደተመጠጠ ይታያል፣ ምክንያቱም በግድግዳው ላይ የቀረ የውሃ እንፋሎት ኦክሳይዱን ይለውጣል። ቀጥሎ የግፊት መለኪያው ከሌላ መለኪያ ጋር ይመሳከራል። ከዚያም ወደ ሊቶግራፊው (ንድፉ በዌፈሩ ላይ ወደሚታተምበት ደረጃ) ይኬዳል፦ የሬዚስት (ንድፉ የሚታተምበት ሽፋን) ጠርሙሱ ተለውጧልን? የማጠቢያው ፈሳሽ ሙቀት ስንት ነበር? ጃንክሽኑ በስፋት በመቶዎች የሚቆጠር ናኖሜትር ብቻ ስለሆነ፣ የጠርዙ ጥቂት ናኖሜትር መሸራረፍ በቁጥሩ ላይ ይታያል። ከሁሉ በፊት ግን ለካሁ ያለው ሰው ከምድር ጋር የተያያዘ የእጅ ማሰሪያ አድርጎ እንደነበር ይጠየቅ፤ ጃንክሽን በሰው እጅ ላይ በተጠራቀመ ስታቲክ ኤሌክትሪክ በቅጽበት ይቃጠላል። የመለኪያው ዕለትም በጥብቅ ይመዝገብ፣ ምክንያቱም ጃንክሽን ከተሠራ በኋላ ባሉት ቀናት ሬዚስታንሱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ትናንት የተሠራውን ከወር በፊት ከተሠራው ጋር ያለ ቀን ማነጻጸር ትርጉም የለውም።

ስለ አየሩ

በዓለም አቀፉ ደረጃ አይሶ 14644 መሠረት ክፍል 5 የሚባለው አየር በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 0.5 ማይክሮሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ብናኞች ከ3,520 እንዳይበልጡ ይጠይቃል፤ ክፍል 6 አሥር እጥፍ፣ ክፍል 7 መቶ እጥፍ ይፈቅዳል። ለሊቶግራፊ ክፍል 5፣ ለቀሪው 6 ወይም 7 በአብዛኛው በቂ ነው። ዋነኛው የብናኝ ምንጭ ሰው ስለሆነ፣ ቱታውና ጭምብሉ በትክክል መለበሱን መቆጣጠር ውድ ፊልተር ከመጨመር ይበልጣል። ከብናኙ ይልቅ የበለጠ ትኩረት የሚሻው እርጥበቱ ነው፤ ከ40 እስከ 45 በመቶ ባለው ውስጥ ካልተጠበቀ የሬዚስቱ ውፍረትና መጣበቅ ከወቅት ወቅት ይለዋወጣል፣ በጣም ሲደርቅም ስታቲኩ ይበዛል። የኤሌክትሮን ጨረር ሊቶግራፊ ማሽን ከአሳንሰርና ከጭነት መኪና መተላለፊያ መራቅ አለበት፤ የሚንቀሳቀስ ብረት የማግኔት ሜዳውን ስለሚያናውጥ ጨረሩ መስመሩን ይስታል።

አሲዱና ሰዎቹ

እ.ኤ.አ. በ2021 የፕሪንስተን ተመራማሪዎች ኒዮቢየም የተባለውን ብረት በታንታለም ተክተው፣ በሳፋየር ላይ ዕድሜው (የኳንተም ሁኔታውን ይዞ የሚቆይበት ጊዜ) ከ0.3 ሚሊሰከንድ በላይ የሆነ ኪዩቢት ማግኘታቸውን አሳተሙ። የገጽ ማጽዳት የዚያ አሠራር አካል ነበር፤ ይህን ተከትሎ ብዙ ተማሪ የሰልፈሪክ አሲድና የሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ድብልቅ የሆነውን ፒራንያ መጠቀም ይፈልጋል። ፒራንያ ከአሴቶን ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፣ ክዳኑ በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ሲቀመጥም ጋዝ እያወጣ ጠርሙሱን ይሰብራል። ስለዚህ የአሲድ ጠረጴዛና የሶልቨንት ጠረጴዛ አንድ ላይ አይሁኑ፤ ተማሪው በአንዱ ጠረጴዛ ላይ የተጠቀመበትን መቆንጠጫም ወደ ሌላው አይውሰድ።

ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ከዚህ የከፋ ነው፤ የቀጠነው አሲድ ቆዳ ሲነካ ወዲያውኑ ላያም ይችላል፣ ሕመሙ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ አሲዱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ካልሲየምን ማሟጠጥ ከጀመረ በኋላ ነው። 2.5 በመቶ የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል ከጠረጴዛው አጠገብ ይቀመጥ፤ የሚያበቃበትን ቀን በየወሩ የሚያይ ስሙ የታወቀ ሰው ይመደብ። በአቅራቢያ ያለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍልም ይህን ዓይነት ጉዳት ማከም እንደሚችል አስቀድሞ ይጠየቅ። ለሬዚስት ማጠቢያ የሚያገለግለው ቴትራሜቲልአሞኒየም ሃይድሮክሳይድ እንደ ተራ ፈሳሽ ይናቃል፤ ከፍ ባለ መጠን ሲሆን ግን በቆዳ ገብቶ ሰው ገድሏል፤ ስለዚህ ያልተበረዘው ጠርሙስ በተማሪ እጅ መግባት የለበትም። ማንም ሰው፣ የቱንም ያህል ልምድ ቢኖረው፣ ብቻውን ሆኖ በአሲድ እንዲሠራ አይፈቀድለትም። ማንኛውም ቴክኒሺያን ማንኛውንም ሥራ፣ የፕሮፌሰርም ቢሆን፣ የማስቆም ሥልጣን እንዳለው በጽሑፍ ይሰጠው፤ ባስቆመ ጊዜም ኃላፊው በይፋ ከጎኑ ይቁም።

ገንዘቡና ቅርሱ

ክፍያው በማሽን ሰዓት ይሰላ፤ የውጭ ኩባንያ ከዩኒቨርሲቲው ተማሪ የበለጠ ይክፈል። በአሜሪካ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራ ተጠቃሚ ከእውነተኛው ወጪ በላይ እንዳይጠየቅ ደንቡ ስለሚከለክል፣ ታሪፉ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ ይከለሳል። ለወረፋና ለማሽን መክፈቻ የአሜሪካው ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በነፃ የለቀቀው ኔሞ የተሰኘው ሶፍትዌር ያገለግላል፤ ያልሠለጠነ ሰው ማሽኑን እንዳይከፍት ያግዳል፣ ብልሽትም ያስመዘግባል። በእኔ ግምት ግን ከታሪፉ ይልቅ ክሊንሩሙን የሚያቆመው የቋሚ መሐንዲሶች ደመወዝ ነው። ተማሪው በአምስት ዓመት ይሄዳል፤ መሐንዲሱ ከሄደ ግን ማሽኑ የሚናገረውን የሚረዳ ሰው አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የደረጃ ዕድገታቸውን ጥያቄ ኃላፊው ራሱ ይዞ ወደ ዲኑ ይሂድ።

ከእያንዳንዱ ዌፈር አንድ ቁራጭ በናይትሮጅን ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ የገባው ቺፕ ዕድሜው አጭር ሆኖ ሲገኝ የሚመረመረው እርሱ ነው። በመለያው ላይ ቀኑ፣ የማሽኑ የሥራ ቁጥር፣ የሬዚስቱ ጠርሙስ ቁጥርና የሠሪው ስም ይጻፉበት፤ እነዚህ ከሌሉበት ቁራጩ አይቀመጥ።

ተማሪው ሊመረቅ ሲል ደግሞ ተተኪው የተጻፈውን አሠራር ብቻ ይዞ፣ ነባሩ ከኋላው ቆሞ ምንም ሳይናገር፣ ሙሉ ቺፕ እንዲሠራ ይደረግ። ተተኪው ግራ ተጋብቶ የቆመበት ቦታ ሁሉ በጽሑፉ ላይ የጎደለ ነገር ያለበት ስለሆነ፣ እዚያው ምልክት ይደረግበትና ነባሩ መግቢያ ካርዱን ከማስረከቡ በፊት ያስተካክለው።