መብራት ያለው ስኒከር ሲያስቸግር፦ ባትሪውን ከመቀየራችሁ በፊት ጫማውን እጠፉት

«ባትሪው ሞቷል፣ ቀይርልኝ።» ጫማውን ጠረጴዛዬ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ይጀምራል። እኔም መጀመሪያ ላይ አምኜ ባትሪ እቀይር ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ያው ጫማ ተመልሶ ይመጣል። አሁን ጫማውን ተቀብዬ አበራዋለሁ። ከዚያ ጣቶች የሚያርፉበት ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፌ እዘረጋዋለሁ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ባትሪው ጤነኛ ነው። የተበጠሰው ሽቦ ነው።

የማወራው መርካቶ ስለሚሸጡት ኮፒ ስኒከሮች ነው። ቅርጻቸው የታዋቂ ብራንድ ነው፣ ሶላቸው ዙሪያውን ይበራል፣ ከቁርጭምጭሚት በታች የዩኤስቢ ቀዳዳ አላቸው። የተቀዱበት ኦሪጅናል ጫማ ብዙውን ጊዜ መብራት የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ መለዋወጫ ብትፈልጉ አታገኙም። ያለው አማራጭ ከሌላ ዕቃ ፈትቶ ወይም ራስ ሠርቶ መተካት ነው።

ውስጡ ቀላል ነው። ታኮው ውስጥ 3.7 ቮልት ሊቲየም ባትሪና ትንሽ ቦርድ አለ። ከቦርዱ ወደ ማብሪያው ቁልፍ፣ ወደ ቻርጅ ቀዳዳውና ሶሉን ወደሚዞረው የኤልኢዲ ሪባን (ትንንሽ መብራቶች የተደረደሩበት ስስ ጥብጣብ) ሽቦ ይሄዳል። ግራና ቀኙ የየራሳቸው ቦርድ አላቸው፣ አይነጋገሩም። አንዱ ቀይ ሌላው ሰማያዊ ቢሆን ብልሽት አይደለም። ቁልፉን ደጋግማችሁ ተጭናችሁ አስተካክሉት። ለዚህ ብሎ ጫማ ያስፈታ ሰው አጋጥሞኛል።

ቻርጅ መደረጉንና የቻርጅ ገመዱ መሥራቱን አይታችኋል ብዬ ልቀጥል።

ቀዩ ብቻ ይበራል፣ ሌላው ደብዝዟል

ይህ ባትሪ ነው። ቀይ ኤልኢዲ በ2 ቮልት አካባቢ ይበራል። አረንጓዴውና ሰማያዊው ግን 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋሉ። ባትሪው ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ ሲያልቅ ወደ 3 ይወርዳል። ሲደክም መጀመሪያ የሚከዱት ሰማያዊና አረንጓዴ ናቸው። ቻርጅ አድርጉት። ሞልቶም በአስር ደቂቃ ውስጥ ቀዩ ብቻ ከቀረ ባትሪው አርጅቷል።

አንድ ቀለም ጨርሶ ጠፍቷል

ወደ ሪባኑ የሚገቡት ሽቦዎች አራት ናቸው። አንዱ የጋራው ፖዘቲቭ ነው። ሦስቱ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ናቸው። ጫማውን ነጭ ላይ አድርጉትና ተመልከቱ። ነጩ ወደ ውሃ ሰማያዊ ካደላ የቀዩ ሽቦ ተበጥሷል። ቢጫ ከመሰለ የሰማያዊው ነው። ወደ ወይን ጠጅ ከሄደ የአረንጓዴው ነው። ሁሉም ከጠፋ ፖዘቲቩን ጠርጥሩ። በዚህ መንገድ ሶሉን ሳትነኩ የትኛውን ሽቦ እንደምትፈልጉ ታውቃላችሁ።

ስትራመዱ ይበራል፣ ስትቆሙ ይጠፋል (ወይም የኋላው በርቶ የፊቱ ጨልሟል)

ከሚመጡልኝ ጫማዎች አብዛኞቹ የሚመጡት በዚህ ነው። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

ሽቦው የሚበጠስበት ቦታ ሁለት ነው። አንደኛው ታኮው ውስጥ፣ ሽቦው ከሪባኑ ጋር የተበየደበት ነው። ሁለተኛው ሶሉ የሚታጠፍበት፣ ከጣቶች ሥር ነው። እዚያ ራሱ ሪባኑ ይሰነጠቃል። ከስንጥቁ ወዲያ ያለው ሁሉ ይጨልማል።

የመጀመሪያው ለምን ይደጋገማል? ሽቦ ሲበየድ የቀለጠው ሊድ (የመበየጃው ብረት) በቀጫጭኖቹ ክሮች መካከል ወደ ላይ ይሳባል። ያ ክፍል እንደ ሚስማር ይደርቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ለስላሳ ነው። እግር ባነሳችሁ ቁጥር ሽቦው የሚታጠፈው ደረቁና ለስላሳው በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ብቻ ነው። አንድ ክር፣ ከዚያ ሌላ ክር እያለ ይበጠሳል። ፋብሪካው ደግሞ ሽቦውን ወጥሮ ነው የሚበይደው። ትንሽ እንኳን ትርፍ አይተውም። ሁለት ሳንቲ ሜትር ሽቦ ቆጥቦ ጫማውን በሁለት ወር የሚገድል ሥራ ያናድደኛል።

አንድ የሚጨፍር ልጅ ነበር። ሠርግና ልደት ላይ ከጓደኞቹ ጋር ይሠራል፣ አራቱም እነዚህን ጫማዎች ያደርጋሉ። በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። እበይዳለሁ፣ ይሄዳል፣ ተበጥሶ ይመለሳል። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ብየዳዬ ጠንካራ መሆኑን አየሁ። ሽቦው የሚለቀው ከብየዳው ሦስት ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ ነው። ችግሩ መታጠፉ እንጂ መላቀቁ አልነበረም። እንደገና ሠራሁትና ከዚያ በኋላ በዚያ ምክንያት አልመጣም። አሠራሩ ይኸው፦

ሶሌታውን አንሱ። ታኮው ላይ ያለውን ክዳን በካቻቢቴ ቀስ አድርጋችሁ ፈልቅቁ። ባትሪው ከሥሩ ስለሆነ ስለታም ነገር አታስገቡ። መጀመሪያ የባትሪውን ሽቦዎች አላቁ፣ አንድ በአንድ። ሁለቱን በአንድ መቁረጫ አንድ ላይ ከቆረጣችሁ ሾርት ታደርጋላችሁ።

አሮጌዎቹን አራት ሽቦዎች ሙሉ በሙሉ አውጡ። መቀጠል አይሆንም፣ ቅጥሉ ራሱ ሌላ ደረቅ ነጥብ ነው። ለምትኩ የሞተ ኢርፎን ሽቦ እጠቀማለሁ። ክሮቹ በጣም ቀጭን ናቸው፣ መሐላቸው ናይለን ስላለበት መታጠፍን ይችላሉ። ክሮቹ ግን ቀለም የተቀቡ ስለሆኑ ሊድ ዝም ብሎ አይዛቸውም። ካውያው ጫፍ ላይ ጠብታ ሊድ አድርጋችሁ የሽቦውን ጫፍ ውስጡ አቆዩት። ቀለሙ ጨሶ ይለቃል። ጭሱን አትሳቡ። ለፖዘቲቩ ሁለት ሽቦ ደርቡ፣ የሦስቱንም ቀለም ኃይል የሚሸከመው እሱ ነው።

የኔትወርክ ኬብል ሽቦ እንዳታስገቡ። እለምናችኋለሁ። ውስጡ አንድ ወጥ መዳብ ነው፣ የተሠራው ግድግዳ ላይ ሳይንቀሳቀስ እንዲቀመጥ ነው። ጠንካራ ስለሚመስል ብቻ ይመርጡታል። በኔትወርክ ኬብል የተጠገነ ጫማ ከፈታሁ ተበጥሶ ነው የማገኘው።

ሽቦውን ከሚያስፈልገው ሦስት ሳንቲ ሜትር አስረዝሙት። እንደ እባብ አጠማዝዛችሁ አስቀምጡት። ከብየዳው አንድ ሳንቲ ሜትር ራቅ ብላችሁ ሽቦውን በቁራጭ ከመነዳሪና በማስቲሽ ከሶሉ ጋር አጣብቁት። መታጠፉ ከብየዳው ርቆ ለስላሳው ላይ እንዲሆን የሚያደርገው ይህች ቁራጭ ናት። የምትቀልጠዋን የፕላስቲክ ሙጫ አትጠቀሙ፣ ስትደርቅ ትጠነክርና ያንኑ በሽታ መልሳ ታመጣለች።

ሪባኑ ራሱ ከተሰነጠቀ ግልጹን ሽፋን በምላጭ በትንሹ ክፈቱ። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ያሉትን የመዳብ ነጥቦች አግኙና በአራት አጫጭር ሽቦዎች አገናኙ። እዚህም ሽቦው እንደ ቅስት ይነሳ፣ አይወጠር። በለስላሳ ግልጽ ሲሊኮን ሸፍኑት። ሱፐር ግሉ አይሆንም።

ቻርጅ አይቀበልም

የክረምት በሽታ ነው። ለእንቁጣጣሽ የተገዛ ጫማ በመጀመሪያው ቀን ጭቃ ውስጥ ይገባል። ቀዳዳው ውስጥ ያሉት እግሮች አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ። በጥርስ ብሩሽና በአልኮል አጽዱ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ሞክሩ። እግሩ ተበልቶ ካለቀ የሞተ ፓወር ባንክ ቦርድ ላይ ያለውን ተመሳሳይ ቀዳዳ ነቅላችሁ ተኩ። ምናለሽ ተራ በእንደዚህ ዓይነት የተጣለ ቦርድ የተሞላ ነው። ክዳን ደግሞ ከተማሪ ላጲስ ቆርጣችሁ ሥሩለት።

ጫማውን ከሰል ምድጃ አጠገብ አታድርቁ። አንዲት እናት የልጃቸውን ጫማ ከምድጃው አጠገብ አሳድረው ነበር። ታኮው እንደ ዳቦ አብጦ መጣ። ያበጠ ባትሪ አይጫኑትም፣ አይበሱትም፣ ቻርጅ አያደርጉትም። ደረቅ አሸዋ ያለበት ጣሳ ውስጥ አድርጋችሁ ከቤት አውጡት። ያን ጫማ ልጁ አድርጎት ነው የመጣው። እስካሁን ሳስበው ይቀፈኛል።

ባትሪው በእርግጥ ከሞተ

አንገት ላይ ከሚንጠለጠል የብሉቱዝ ኢርፎን የሚወጣ 3.7 ቮልት ባትሪ ይስማማል። በቴስተር ለኩት። ከ2.5 ቮልት በታች ከሆነ አታስነሱት፣ ጣሉት። ቢጫው ቴፕ ሥር ያለችውን መከላከያ ቦርድ አትንቀሉ።

የቻርጅ ቦርዱም ተበላሽቶ ቲፒ4056 የምትባለዋን ርካሽ ቦርድ ለምታስገቡ፣ ይህን አንብቡ። ከፋብሪካ ስትወጣ ቻርጅ የምታደርገው በ1 አምፔር ነው። ይህ ለትልቅ ባትሪ ነው። የጫማው ባትሪ 150 ሚሊ አምፔር ሰዓት ከሆነ ሰባት እጥፍ እየጋታችሁት ነው። ቦርዷ ላይ 122 የሚል ሬዚስተር አለ፣ የቻርጁን መጠን የሚወስነው እሱ ነው። እሱን አንሥታችሁ 10 ኪሎ ኦም ተኩ፣ ወደ 130 ሚሊ አምፔር ይወርዳል። ይህን ሳታደርጉ ጫማ ውስጥ አትክተቷት። ገዝቶ እንዳለ የሚገጥም ሠራተኛ የሰው እግር እየነካ መሆኑን ረስቷል።

ባትሪው የሰው ክብደት በቀጥታ እንዳያርፍበት አድርጉ። ከነጠላ ጫማ ስፖንጅ ላይ ባትሪው የሚገባበት ጉድጓድ ቁረጡ። ስፖንጁ ከባትሪው ትንሽ ይወፍር። ከላዩ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ለምሳሌ የጀሪካን ቁራጭ፣ ጠርዙን አለስልሳችሁ አልብሱት። የሃይላንድ ፕላስቲክ ቀጭን ነው፣ ይጎብጣል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

አዲስ ሪባን ገዝታችሁ ገጥማችሁ ጨርሶ አልበራም? 12 ቮልት ነው፣ ለቤት ማስጌጫ የሚሸጠው። 5 ቮልቱን ፈልጉ። ቁልፉ ከተጫነ የማይመለስ ከሆነ ጭቃ ነው፣ በአልኮል አጽዱት።

ታኮው ብቻ ሲረገጥ ብልጭ የሚለው የሕፃናት ጫማ ሌላ ነገር ነው። ዕቃው በሙጫ ተደፍኗል፣ ውስጡ ስትነቀነቅ የምታገናኝ ትንሽ ስፕሪንግና የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ አለ። አይከፈትም ብላችሁ ተዉት። የከፈታችሁ ከሆነ ያቺን ባትሪ ሕፃን የማይደርስበት አድርጉ። ሕፃን ከዋጣት ጉሮሮ ውስጥ በሁለት ሰዓት ከባድ ቃጠሎ ታደርሳለች። ወዲያውኑ ሆስፒታል ነው። ኤልኤ ጊር የተባለው የአሜሪካ ጫማ ኩባንያ እንዲህ ዓይነቱን ጫማ ገበያ ላይ ያወጣው በፈረንጆቹ 1992 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ማብሪያቸው መርዛማው ሜርኩሪ ነበር። ከዚያ ዘመን የቀረ ሰልባጅ ካገኛችሁ አትክፈቱት።

ከመዝጋታችሁ በፊት

ሶሉን ሳትለጥፉ አብሩትና ሃምሳ ጊዜ እጠፉት። ቆጥራችሁ። አንድ ጊዜ እንኳን ድርግም ካለ ክፈቱት። ካላለ ሁለቱንም ፊት ማስቲሽ ቀብታችሁ አሥር ደቂቃ ይድረቅ፣ ከዚያ ግጠሙና ከላዩ ክብደት ጫኑበት። ደንበኛው ቢቸኩልም ለነገ ቅጠሩት። የመጀመሪያውን ቻርጅ እናንተ አድርጉ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ እያያችሁት። በየአሥር ደቂቃው ታኮውን በእጃችሁ ዳስሱ። ሞቅ ካለ ንቀሉና ሬዚስተሩን ደግማችሁ እዩ።