የሼል ሞዴሉና የእጅ ስሌቱ አልገጥም ሲሉ

የሼል ሞዴል ቀጭን ግድግዳን እንደ ገጽ ወስዶ፣ ኤለመንት በሚባሉ ትናንሽ ቁራጮች ከፋፍሎ በኮምፒውተር የሚያሰላ ሞዴል ነው። ለምሳሌ ክፍት የብረት የውሃ ታንከር እንውሰድ፤ ራዲየሱ 5 ሜትር፣ የውሃው ከፍታ 6 ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 8 ሚሊሜትር፣ ግርጌው እንዳይነቃነቅና እንዳይዞር ሆኖ የታሰረ። ግፊቱን በራዲየሱ አባዝተን ለውፍረቱ ስናካፍል፣ ግርጌው ላይ 37 ሜጋፓስካል ያህል የዙሪያ ስትረስ (ግድግዳውን ዙሪያውን የሚወጥር፣ በስፋት የተካፈለ ውስጣዊ ኃይል) እናገኛለን።

ምልክት፦ ሞዴሉ ግርጌው ላይ 37 ሳይሆን 65 ያሳያል

በዚህ ቁጥር ሁለት ሙሉ ቀን አጥቻለሁ። ሜሹን፣ ማለትም የኤለመንቶቹን መረብ፣ ደጋግሜ አደቀቅሁት፤ 65 ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ያልተንቀሳቀሰው ትክክል ስለነበረ ነው።

የእጅ ቀመሩ ግድግዳው ወደ ውጭ እንደልቡ እንደሚሰፋ ይቆጥራል። የታሰረ ግርጌ አይሰፋም፤ እዚያ የመሐል ገጹ (የውፍረቱ እኩሌታ) የዙሪያ ስትረስ ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ በምትኩ ግድግዳው በቁመቱ ይጎብጣል። 65 የዚህ መጉበጥ ስትረስ ነው። እሱም በእጅ ይገኛል፤ የፖይሰን ሬሾ (ብረቱ ሲሳብ በጎን የሚጠብበት መጠን) 0.3 ሲሆን ከዙሪያው ስትረስ 1.8 እጥፍ ገደማ ነው። የራዲየሱና የውፍረቱ ብዜት ስኩዌር ሩት እዚህ 20 ሴንቲሜትር ስለሆነ፣ የመጉበጡ ተጽዕኖ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ እንዳልን ይከስማል።

መፍትሄው የሚነበብበትን ቦታ መቀየር ነው። ከግርጌው 1 ሜትር ከፍ ብለው የመሐል ገጹን የዙሪያ ስትረስ ያንብቡ፤ በእጅ 30.7 ይወጣል። እኔ እዚህ ከ2 በመቶ በላይ ልዩነት አልቀበልም። ሶፍትዌሩ የውስጠኛውንና የውጨኛውን ገጽ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ የሁለቱ አማካይ የመሐሉ ስትረስ ነው፤ የልዩነታቸው ግማሽ ደግሞ የመጉበጡ። የፎን ሚዝስን ቁጥር (በሁሉም አቅጣጫ ያለውን ስትረስ በአንድ ቁጥር የሚያጠቃልለውን) ከዙሪያ ስትረስ ጋር ማወዳደር ግን ምንም አያሳይም።

ምልክት፦ ሁሉም ቁጥር በአንድ ሬሾ ተዛብቷል

እጥፍ ከሆነ በእጅ ስሌቱ በራዲየስ ፈንታ ዲያሜትር ገብቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ሺህ እጥፍ ከሆነ የመለኪያ አሃድ ተደባልቋል። በሙሉ ታንከር ሞዴል የአግድም ድጋፍ ኃይሎች ድምር ሁልጊዜ ዜሮ ስለሆነ ስህተቱን ይደብቃል። ስለዚህ ታንከሩን ለሁለት ቆርጠው ግማሹን ብቻ ያስሉ። በቁርጡ ጠርዞችና በግርጌው ላይ፣ ለቁርጡ ቀጤ ነክ በሆነው አቅጣጫ ያለው ድምር 1,766 ኪሎኒውተን መሆን አለበት። ይህ ካልወጣ ስትረሱን ለማንበብ ጊዜው አልደረሰም።

ምልክት፦ ጎረቤት ኤለመንቶች እንደ ዳማ ሰሌዳ ይዥጎረጎራሉ

የአንዳንዶቹ ፊትና ጀርባ ተገልብጧል፤ የውስጥና የውጭ ገጽ ንባብ ተቀላቅሏል። ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ ያዙሩ፣ ውጤቱንም በሲሊንደር አክሲስ (በዙሪያው፣ በቁመቱና በራዲየሱ አቅጣጫ) ያንብቡ።

ምልክት፦ ሜሹ በደቀቀ ቁጥር ስትረሱ ይጨምራል

ይህ የ65ቱ ተቃራኒ ነው። ወደ ውስጥ የገባ ሹል ማዕዘን ወይም በአንድ ነጥብ ብቻ የቆመ ድጋፍ ሲኖር ቲዎሪው ራሱ ወሰን የሌለው ስትረስ ይሰጣል፤ ከፍተኛውን ቁጥር ማሳደድ ከንቱ ድካም ነው። ለብየዳ ድካም ፍተሻ (ጭነት ሲደጋገም ብየዳው እንዳይሰነጠቅ)፣ ከብየዳው ጠርዝ በውፍረቱ 0.4 እና 1.0 እጥፍ ርቀት ያሉትን ሁለት የገጽ ንባቦች ወስደው በቀጥታ መስመር ወደ ጠርዙ ያራዝሙ። በእኛ ግድግዳ ርቀቶቹ 3.2 እና 8 ሚሊሜትር ናቸው፤ ስለዚህ በዚያ አካባቢ ብቻ ሜሹ እስከዚያ መጠን መድቀቅ ይኖርበታል።