ጡረታ የወጣ መካኒክ በስልኩ እንዴት ገቢ ያገኛል?

ጉልበቴ መኪና ሥር መግባት እንቢ ሲለኝ ቱታዬን ሰቀልኩ። ስልኬ ግን መጥራቱን አላቆመም። «ጋሼ፣ አንድ ቪትዝ አይቻለሁ፤ ልግዛው?» ለዓመታት በነፃ መለስኩ። አንድ ቀን አንድ ልጅ «ከኪሳራ አዳኑኝ» ብሎ በቴሌብር ብር ሲልክልኝ ነገሩ ገባኝ። ሰው ጆሮዬንና ዓይኔንም ይፈልጋል። እርስዎም ኤሌክትሪሺያን ወይም ልብስ ሰፊ ሆነው ጡረታ ከወጡ በዚሁ መንገድ መጀመር ይችላሉ። እኔ በማውቀው በመኪና ላሳይዎት።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ብቻ ይምረጡ። «ስለ መኪና ሁሉ አማክራለሁ» ካሉ ማንም አይደውልም። እኔ የመረጥኩት ያገለገለ መኪና ከመገዛቱ በፊት ማየትን ነው። ብዙ ብር የሚወጣበት፣ ሰውም በጣም የሚፈራበት ሰዓት እሱ ነው። አሜሪካ ወይም ዱባይ ሆነው ለቤተሰብ መኪና የሚገዙ ልጆችም አሉ። መኪናውን መንካት አይችሉም። ከሻጩም ከደላላውም የማይወግን ሰው ይፈልጋሉ።

ቀጥሎ ቴሌግራም ላይ ቻናል ይክፈቱ። የልጅ ልጅ ካለ ቶሎ ያሳይዎታል። ለሥራው ለብቻው ሲም ካርድ ቢያወጡ ጥሩ ነው፤ ማታ ማረፍ አለብዎት። በኤስኤምኤስ የሚመጣልዎትን የመግቢያ ቁጥር ለወዳጅም ቢሆን አይስጡ።

አሁን ዋናው ሥራ፣ ቪዲዮ። የመጀመሪያውን ስለ ጭስ ያድርጉት። ሞተሩ ያደረና የቀዘቀዘ ይሁን፤ ሻጩ ቀድሞ ካሞቀው ብዙ ነገር ይደበቃል። ስለዚህ ከማስነሳትዎ በፊት ኮፈኑን ከፍተው እጅዎን ወደ ሞተሩ ጠጋ አድርገው ሙቀቱን ይለኩ። ከዚያ ያስነሱና ስልኩን ወደ ጭስ ማውጫው ያዙሩ። ሰማያዊ ጭስ ካዩ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል። ጠዋት ላይ ትንሽ ነጭ ቢታይ እንፋሎት ነው፣ አያስፈራም። ሞተሩ ሞቆም ነጩ ጭስ ካልጠፋ ግን ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ስለሚችል ጓርኒሲዮኑን (በሞተሩ ቴስታና በብሎኩ መሃል ያለውን ማሸጊያ) ይጠርጥሩ። ሞተሩን አጥፍተው የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱ ከሥሩ ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሞተሩ እስኪሞቅ የሚጠብቁበትን ቆርጠው ቪዲዮውን በ2 ደቂቃ ይጨርሱ። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ እርስዎ ዝም ይበሉ፤ ተመልካቹ ድምፁን ይስማ። ትልቁ ትምህርት ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ዋጋዎን ቻናሉ አናት ላይ ይጻፉ። ደንበኛው የላከውን ቪዲዮ አይቶ መምከር አንድ ዋጋ፣ በአካል ሄዶ ማየት ሌላ ዋጋ። ክፍያው ከምክሩ ይቅደም። የደረሰኝ ፎቶ አይመኑ፣ ፎቶ በቀላሉ ይቀናበራል። የራስዎን ቴሌብር ከፍተው ሒሳብዎን ይዩ።

በስልክ የማይፈረድ ነገርም አለ። ፍሬንና የሻንሲ ብየዳ በቪዲዮ አይታወቅም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ብሩ ቢቀርም «በአካል መታየት አለበት» ይበሉ፤ መኪናው ውስጥ የሚሳፈሩት ሰዎች ናቸው። ከደላላም ኮሚሽን አይቀበሉ። የሚሸጡት ቃልዎን ነው፣ እሱ ከተጠረጠረ ሥራው አበቃ።

ልጆች «ዩቲዩብ ይክፈቱ» ይሉዎታል። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ግን ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል በረጅም ቪዲዮ 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየትን ይጠይቃል። ቪዲዮውን እዚያም ይጫኑት፤ የወር አስቤዛዎን ግን በእሱ አያስሉ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ለሦስት ሰዎች በነፃ ይዩላቸው። ጎረቤት፣ የዕድር አባል፣ የቀድሞ ደንበኛ ይሁኑ። ደስ ብሏቸው የምስጋና ድምፅ ከላኩልዎት ፈቃዳቸውን ጠይቀው ቻናሉ ላይ ይለጥፉት። አራተኛው ሰው እሱን ሰምቶ ይደውላል።