ሲሊንደር (እንደ ብርጭቆ ያለ ክብ ቅርጽ) ስትስሉ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

ጀማሪ ብርጭቆ ሲስል ቁጭ ብሎ ማየት እወዳለሁ። አፉን ተጠንቅቆ ሞላላ ያደርገዋል፤ ታች ሲደርስ ግን ማስመሪያ አንስቶ ቀጥ ያለ መስመር! ለምን ስትሉት "ጠረጴዛ ላይ ስለተቀመጠ ነዋ" ይላችኋል። ጠረጴዛው ጠፍጣፋ ነው፣ እሺ፤ የብርጭቆው ቂጥ ግን ክብ ነው። እንዲያውም ከዓይናችሁ ከፍታ ይበልጥ ዝቅ ስለሚል ከአፉ ይልቅ ወደ ክብነት ይጠጋል። ካላመናችሁ ብርጭቆ አንሱና አፉን ከዓይናችሁ ትክክል አድርጉት፣ መስመር ይሆናል። ቀስ እያላችሁ ዝቅ አድርጉት፤ እየተከፈተ ይሄዳል።

ጫፎቹን እንደ ሎሚ አታሹሏቸው። ሞላላ የትም ቦታ ጥግ የለውም።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ። ሲሊንደሩ ሲተኛ ወይም ሲያዘነብል ጀማሪው ሞላላውን አብሮ ሳያጋድል ቀጥ ብሎ እንደቆመ ይተወዋል። ስንቴ እንደተናገርኩት! ሞላላ ሁለት ዘንግ (መሃሉን አቋርጦ የሚያልፍ መስመር) አለው፣ ረጅምና አጭር፤ ሁለቱ ሁልጊዜ በ90 ዲግሪ ይቆራረጣሉ። አጭሩ ዘንግ በሲሊንደሩ መሃል ለመሃል ከሚያልፈው መስመር ጋር መግጠም አለበት። በቃ። መጀመሪያ ያንን መስመር ሳቡ፣ ከዚያ ረጅሙን ዘንግ አቋርጡበት፣ ሞላላው የመጨረሻ ነው። የመኪና ጎማ ላይም ያው ነው፤ አጭሩ ዘንግ ጎማው የሚዞርበትን ብረት ይከተላል። ይህን ሳላውቅ አንዲት መኪና ስስል ዋልኩ። ጎማዎቹ ሊወልቁ የደረሱ ይመስሉ ነበር፣ እኔ ደግሞ ችግሩ መጠናቸው መስሎኝ ሦስቴ አጠፋኋቸው። ላጲሱ ወረቀቱን ቀደደው፣ ጎማዎቹ እንደተንጋደዱ ቀሩ።

ከጀርባ የተደበቀውንም ግማሽ ሳሉት፤ ሲያልቅ ታጠፉታላችሁ። በጣት ሳይሆን በትከሻ፣ እጃችሁን አየር ላይ ሁለት ሦስቴ አዙራችሁ።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። በፐርስፔክቲቭ (የራቀው እያነሰ በሚታይበት አሳሳል) የክቡ እውነተኛ ማዕከል የሞላላው መሃል ላይ አይውልም፤ ትንሽ ወደኋላ፣ ከእኛ ወደሚርቀው ጎን ይሸሻል። ስለዚህ ክቡን በካሬ ውስጥ የምትስሉ ከሆነ የካሬው ሰያፍ መስመሮች የተገናኙበትን ነጥብ የሞላላው መሃል አድርጋችሁ አትያዙት።

የብርጭቆው ከንፈር ውፍረትም ዙሪያውን እኩል አይደለም። ግራና ቀኝ ሰፊ ነው፣ ከፊት ጠበብ ይላል፣ ከኋላ ደግሞ የባሰ ይቀጥናል። እኩል ያደረጋችሁት ቀን ብርጭቆ ሳይሆን የመኪና ጎማ ነው የሳላችሁት።