ስለ ባስክ ግስ ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ስፔን ውስጥ ባሉ የባስክ ቀበልኛዎች «አየኸኝ» ለማለት የትምህርት ቤቱ መንገድ «ኢኩሲ ናውሱ» ነው። ሰፈር ውስጥ ግን «ኢኩሲ ዲዳሱ» የሚል አይጠፋም። ዲዳሱ ደግሞ በወጉ «ሰጠኸኝ» ሲባል የሚገባ ረዳት ግስ ነው።

1ኛ ስህተት፦ «ታዲያ ምን ተለወጠ?» ማለት። ይሄ የእኛ የአማርኛ ተናጋሪዎች ስህተት ነው። አየኸኝም ሰጠኸኝም ስንል ያቺው «ኝ» ናት። ባስክ ግን የታየውን ሰውና የተሰጠውን ሰው ግሱ ላይ ለይቶ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ለውጡ ትንሽ አይደለም።

2ኛ፦ «የስፔን ቃል ገባበት» ማለት። እስቲ ፈልጉት፣ «ኢኩሲ ዲዳሱ» ውስጥ አንዲት የስፔንኛ ድምፅ የለችም። የተወረሰው አሠራሩ ነው። ስፔንኛ ሰውን ሲያይም ለሰው ሲሰጥም «አ» የምትል አንዲት መስተዋድድ ከሰውየው ፊት ያስቀድማል፣ «ሜ» የምትለዋም «እኔን» እና «ለእኔ» አንድ ላይ ትይዛለች፤ ቀኑን ሙሉ ሁለቱን ቋንቋ እያፈራረቀ የሚውል ሰው ታዲያ በባስኩም ልዩነቱን ቢተወው ምን ይገርማል? «ኒ» (እኔን) በማለት ፈንታም «ኒሪ» (ለእኔ) ይላል።

3ኛ፦ «ሁሉም ነገር ተቀየረ» ማለት። የታየው መጽሐፍ ከሆነ «ሊቡሩዋ ኢኩሲ ዱት» (መጽሐፉን አየሁ) ባለበት ነው፤ ማንም አይነካውም። የስፔንኛዋም «አ» ብትሆን ለሰው እንጂ ለዕቃ እምብዛም አትወጣም። ገጠሙ አይደል?

4ኛ፦ የቋንቋዎችን ንክኪ የዘንድሮ በሽታ ማስመሰል። «ካንታቱ» (መዝፈን) ላይ ያለችው «ቱ» ከላቲን የመጣች ናት፤ ዛሬ አዲስ ግስ ሲገባ የሚለጠፈው እሷ ነች። እኛ «ዳውንሎድ አደረግኩ» ብለን እንገላገላለን፣ እነሱ «ቱ»ን ይለጥፋሉ። ስለ ንጹሕ ባስክ የሚቆጣው ሰውዬ ራሱ ካለሷ አፉን አይከፍትም።

5ኛ፦ እ.ኤ.አ. በ1968 አራንትሳሱ በተባለው ገዳም መሠረቱ የተጣለውን የጋራ ባስክ (ለትምህርት ቤትና ለጽሑፍ የሚያገለግለውን አንድ ወጥ ባስክ) መለኪያ አድርጎ «እንዲህ የሚባል የለም» ማለት። እዚያ አለመፈቀዱና አለመኖሩ ለየቅል ነው።

ደግሞ «ናውሱ ነው ዲዳሱ የምትሉት?» ብለህ በቀጥታ አትጠይቅ። ሰው ለእንግዳ ትምህርት ቤት የተማረውን ነው የሚመልሰው። ይልቅ ገበያ ላይ ማን እንዳያቸው፣ ማን እንደጠራቸው ያጫውቱህ፤ አንተ ዝም ብለህ ስማ።