እርጅናን ከደም ለማጥናት፦ ከማሽኑ በፊት ናሙናው

ሜታቦሎሚክስ በደም ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ሞለኪውሎች፣ ስኳሩንም አሚኖ አሲዱንም ቅባቱንም፣ በአንድ ላይ የመለካት ሥራ ነው።

ደሙን ጠዋት፣ ሰዎቹ ምግብ ሳይቀምሱ ውሰዱ። ቱቦውን ወዲያው በረዶ ላይ አድርጉት። ቀይ የደም ሴሎች ቱቦ ውስጥም ሆነው ግሉኮስ መጠቀማቸውን አያቆሙም። ስለዚህ ፕላዝማውን፣ ማለትም ሴል የሌለበትን የደሙን ፈሳሽ ክፍል፣ በሴንትሪፊውጅ (ቱቦውን በፍጥነት በሚያሽከረክር መሣሪያ) ቶሎ ለዩትና ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ አስቀምጡት።

አሁን ዋናው ነገር። በመጀመሪያ ጥናቴ የአረጋውያኑን ናሙና ሰኞ፣ የወጣቶቹን ማክሰኞ ለካሁ። ልዩነቱ ፍንትው ብሎ ወጣ፤ ደስ አለኝ። ግን የማሽኑ ንባብም ከቀን ቀን ይለዋወጣል። ልዩነቱ የዕድሜ ይሁን የቀኑ መለየት አልቻልኩም። ሰዎች አምነው የሰጡኝ ደም ነበርና እስካሁን ይቆጨኛል። እናንተ ቅደም ተከተሉን በዕጣ ደባልቁት። ከሁሉም ናሙና ጥቂት ጥቂት ቀላቅሉና ያንን ድብልቅ በየ10 ናሙናው መሃል ለኩት። የድብልቁ ውጤት ከተለዋወጠ ችግሩ ከማሽኑ ነው።

ክሬቲኒን (ከጡንቻ የሚወጣና ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ) ከፍ ሲል ደግሞ «እርጅና ነው» ለማለት አትቸኩሉ፤ ኩላሊት ሲደክምም ይጨምራል። ሰዎቹ የሚወስዱትን መድኃኒትም መዝግቡ። ከተቻለ ያንኑ ሰው ከዓመታት በኋላ መልሳችሁ ለኩት። ምክንያቱም የ30 ዓመት ወጣትና የ80 ዓመት አዛውንት የሚለያዩት በዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ያደጉበት ዘመንም ይለያያል።